ሐረር፣ ፈቲራ እና የአባዬ ባርኔጣ

ሰላም ሰላም። ይሰማል? እሺ፣ ይሰማል።

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። «የጎረቤቶችሽ ጀነሬተር በላሽ ወይ» ያላችሁኝን ሁሉ አንብቤያለሁ። አልበላኝም። እንዲያውም ዛሬ ጎረቤቶቼ የሉም፣ ጀነሬተሩም የለም፣ ቤቱ ፀጥ ብሏል። ደስ አይልም ግን። ለምጄዋለሁ መሰለኝ።

ሐረር ነበርኩ። ከአባዬ ጋር። ከባርኔጣው ጋር ማለቴ ነው። ሦስት ሆነን ሄድን በሉት።

ዛሬ የጉዞ ነገር ብቻ ላወራ ነበር ያሰብኩት። ምን ይታያል፣ ምን ይበላል። ደብተር ላይ ሁሉ ጻፍኩ። እኔ! ደብተር! ግን ማይኩን ሁለቴ ከፍቼ ሁለቴ ዘጋሁት። መሃል ላይ አንዲት ነገር አለች። አንድ ደቂቃ የማትሞላ። እሷን ዘልዬ ስለ ፈቲራ ማውራት አቃተኝ። እሷን ብቻ እንዳላወራ ደግሞ ምኗን አወራለሁ? ምንም እኮ አልተፈጠረም።

እሺ። ከመንገዱ ልጀምርና ስደርስበት ይቀለኝ ይሆናል።

በባቡር ነው የሄድነው፣ ከለቡ ድሬዳዋ። ከድሬ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ምናምን ነው፣ በሚኒባስ። ድሬ ሙቀቷ ያው ታውቁታላችሁ፣ ከዚያ ደንገጎን ስትወጡ አየሩ ይለወጣል። ሹራብ ያወጣችሁት ደስ ብሏችሁ ነው። አወዳይ ላይ ጫቱ፣ ጩኸቱ፣ ግፊያው። ሹፌሩ ወርዶ የራሱን ገዝቶ እስኪመጣ ተሳፋሪው ሁሉ በትዕግሥት ጠበቀው። ማንም አላጉረመረመም። ይሄ አዲስ አበባ ቢሆን ሰው ይጋደል ነበር።

አወዳይ ከመድረሳችን በፊት አለማያ ሐይቅን አለፍን። ደርቆ የነበረው ሐይቅ ማለት ነው። አሁን ውሃ አለበት። አባዬ በመስኮት ሲያይ ቆየና «ተመልሷል» አለ። በቃ። እኔም «አዎ» አልኩት። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

አባዬ ሐረርን አያውቃትም። ማለት፣ እንደዚያ ሲል ነው የኖረው። በ67 ለእድገት በሕብረት ዘመቻ ጋራ ሙለታ እንደነበረ ታውቃላችሁ፣ የቁንጫዋን ታሪክ ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ። (እኔ ራሴ አሳከከኝ።) ከተማዋን ግን «ሁለቴ ሦስቴ ለደብዳቤ ገብቻለሁ፣ እንግዳ ነኝ» ነው የሚለው። እንግዳ። ቃሉን ያዙልኝ።

ያረፍነው ጀጎል፣ ማለትም በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ውስጥ፣ ጌይ ጋር በሚሉት በሐረሪዎች ቤት ነው። ሆቴል ከምትይዙ እሱን ያዙ፣ ይሄ ከደብተሬ ነው። ከውጭ ግንብ ብቻ ነው፣ ምንም አይታይም። ስትገቡ ሳሎኑ ደረጃ ደረጃ ነው። መቀመጫዎቹ ነደባ ይባላሉ፣ አምስት ናቸው፣ ሁሉም ባለቤት አለው። እኔ ገብቼ ዘፍ ያልኩት የት ይመስላችኋል? የአሚሩ ቦታ ላይ። የቤቱ እመቤት ሳቀች። «ግድ የለም፣ ዛሬ አንቺ አሚር ነሽ» አለችኝ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት ተሸፍኗል። ወለሉና የነደባው ጠርዝ ቀይ ነው። በ1887 በፈረንጆች፣ ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ ላለቁት ሰዎች መታሰቢያ ነው ይላሉ። ይሄን ስትነግረን ድምፅዋ አልተለወጠም። ቡና እየቀዳች ነው የምትነግረን። ስኳር ስንት ላድርግ ማለት ነበረባት፣ እሱንም በዚያው ድምፅ አለችን። ከአዲስ አበባ ለመጡ ሁለት ሰዎች። እኛ ስኒያችንን አየን።

አባዬ ጫማውን አውልቆ ገባ። ባርኔጣውን አላወለቀም። አያወልቅም ስትሉኝ የነበራችሁ እውነታችሁን ነው። እራት ላይ አላወለቀም። ቤተክርስቲያን ብቻ ነው የሚያወልቃት፣ እሱንም ቅጽር ሲገባ። የእህቴ ሰርግ ላይ ፎቶ አንሺው ለምኖ ለምኖ የተወውን ታስታውሳላችሁ። ቡናማዋ። ጠርዟ የተበላችው።

እሺ፣ ጀጎል። ግንቡ ወደ ሦስት ተኩል ኪሎ ሜትር ነው። አሚር ኑር ናቸው ያሠሩት፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ስድስተኛው ሐረር በር ኋላ የተጨመረ ነው፣ መኪና የሚገባበት። ውስጡ 82 መስጊድ አለ። መንገዱ ደግሞ ከ360 በላይ ነው ይላሉ፣ እኔ የጠፋሁበት ብቻ 300 ይሆናል። መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ በጣም ደስ አለኝ። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይሰፋሉ፣ ስሙ የመጣው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ግርግርግርግር። ቆማችሁ ጨርቅ ትመርጣላችሁ፣ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ቀሚሳችሁን ትወስዳላችሁ። እኔ የትራስ ልብስ አሰፋሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ከዚያ ሲወጣ ነው።

አስጎብኚያችን ልጅ እግር ነው፣ ጎበዝ ልጅ። አንዲት ቀጭን መንገድ አለች፣ ወደዚያ ወሰደን። በጣም ቀጭን። ክንዴን ብዘረጋ አይደለም፣ ክርኔን ባወጣ ሁለቱን ግድግዳ እነካለሁ። የእርቅ መንገድ ይሏታል። ልጁ እንደነገረን፣ የተጣሉ ሰዎች እዚህ ከተገናኙ ሳይነጋገሩ መተላለፍ አይችሉም። ወይ አንዱ ይመለሳል፣ ወይ ይታረቃሉ። ቆንጆ ታሪክ ነው። ቱሪስት ይወደዋል፣ እኔም ወደድኩት፣ ወዲያው ስልኬን አወጣሁ። ልጁ ከፊት፣ አባዬ ቀጥሎ፣ እኔ ከኋላ እየቀረጽኩ።

ከወዲያ በኩል አንዲት አሮጊት ትመጣለች። ብርቱካናማ ሻሽ። በፌስታል ቀይ ሽንኩርት ይዛለች፣ ፌስታሉ ከታች ተቀዷል መሰለኝ በሌላ እጇ ደግፋዋለች። ልጁ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፋት። አባዬ ጋ ደረሰች። ቆመች።

«ዳዊት?» አለች።

አባዬ ስሙ ዳዊት አይደለም። ስሙን ታውቁታላችሁ፣ በየሳምንቱ የምጠራው ነው።

«ዳዊት አይደለህም?»

እሱ ዝም አለ። ትንሽ። ሦስት ሰከንድ ይሆናል፣ አራት። ከዚያ «አይደለሁም እናቴ፣ ተሳስተዋል» አላት። በትሕትና። ድምፁ ልክ ባንክ ቤት እንደሚያወራው።

አየችው። እኔን አየችኝ፣ ስልኬን አየች። እንደገና እሱን። ከዚያ «ይሁን» አለች። «ይሁን አቦ። ደህና መሆንህን ካየሁ ይበቃኛል።»

ከዚያ መተላለፍ ነበረባቸው። መንገዱ አያሳልፍም አልኳችሁ። እሷ ሽንኩርቷን ወደ ደረቷ ሰበሰበች፣ እሱ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ። ሲተላለፉ ፊት ለፊት ናቸው፣ እንደዚህ፣ አንድ ስንዝር።

ባርኔጣውን አወለቀ።

...

ቆይ ውሃ ልጠጣ።

እሺ፣ እስቲ ንገሩኝ። ሰው ተሳስቶ «ዳዊት» ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ እስቃለሁ። «አይ፣ ዳዊት እንኳ አይደለሁም» እላለሁ። ዘወር ብዬ ልጄን አያለሁ፣ «ዳዊት አሉኝ እኮ» እላለሁ፣ ማታ እራት ላይ እናወራዋለን፣ ለእማዬ ይነገራል፣ ለአንድ ዓመት ዳዊት እየተባልኩ እቀለዳለሁ። እንደዚያ ነው። አባዬ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የሚያልፍ ሰው አይደለም፣ ከቁንጫ ሃምሳ ዓመት የሚዘልቅ ቀልድ ያወጣ ሰው ነው!

አላነሳውም። ምንም። ሴትዮዋ አለፈችን፣ ባርኔጣውን መልሶ አደረገ፣ «እንሂድ» አለ።

እንዲህም ይሆናል ብያለሁ፤ ትልቅ ሴት ናት፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ለአክብሮት አወለቀ። በቃ። የድሮ ሰው ነው። ይሄኛውን ለአንድ ቀን ሙሉ አምኜበታለሁ። ግን ያቺን ባርኔጣ ለጳጳስ ከግንባሩ ትንሽ ከፍ ነው ያደረጋት፣ እኔ ቆሜ አይቻለሁ። ወይ ደግሞ ግድግዳው ሲነካት ልትወድቅ ሆነና ያዛት? ይሄም ይሆናል። ከኋላ ነበርኩ። እጁ ወደ ላይ ሲሄድ ነው ያየሁት፣ ከዚያ ባርኔጣዋ ደረቱ ላይ ነበረች። ሲወድቅ የያዙት ነገር ደረት ላይ አይሄድም። አይደል?

ሴትዮዋ ደግሞ አንተ ነው ያለችው። አንቱ አላለችም። የሰባ ዓመት ሰው፣ ያውም በባርኔጣ።

እና ከዚያ የሆነውን ስሙ። አስጎብኚው ወደ ግራ ሲታጠፍ አባዬ «በዚህ ይቀርባል» ብሎ ወደ ቀኝ ሄደ። ልጁ «ጋሼ፣ እሱ አያወጣም» አለው። አወጣ። ሁለት ቦታ ታጠፍን፣ አንድ አረንጓዴ የተቀባ በር አለፍን፣ ግድር መገላ ገበያ ላይ ዱብ አልን። ልጁ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ለደብዳቤ ሁለቴ ሦስቴ!

ገበያው ውስጥ ደግሞ ቅመም የሚሸጡ ሁለት ሴቶች በሐረሪኛ አንድ ነገር ተባባሉ፣ ልጁ ሳይተረጉም አባዬ ፈገግ አለ። ኦሮምኛ እንደሚችል አውቃለሁ፣ ዘመቻ ላይ ነው የለመደው። ሐረሪኛ? ልጁን ምን አሉ አልኩት። «ባርኔጣዋ ከእሳቸው ታረጃለች አሉ» አለኝ።

እሺ፣ ልሳቅ። መሳቅ አለብኝ። እዚያው ቆሜ ሳምቡሳ ልበላ ስል ጭልፊት ወስዶብኛል። እውነቴን ነው! ግድር መገላ ሥጋ ተራው አካባቢ ጭልፊቶቹ ጣሪያው ላይ ተደርድረው ነው የሚውሉት። ሥጋ በእጃችሁ ወደ ላይ ብትይዙ መጥተው ይነጥቃሉ፣ እንደ ትርኢት ሆኗል። እኔ ግን ትርኢት አልፈለግኩም፣ ሳምቡሳዬን ነው የፈለግኩት። ክንፉ ፊቴን ጠረገኝ። ሥጋ ሻጩ አላዘነልኝም፣ «ምስር ነው ሥጋ?» ነው ያለኝ። ምስር ነበር። ጭልፊቱም ሳያፍርበት አልቀረም።

የግመል ሥጋ ቅመሱ። ትንሽ ጣፈጥ ይላል፣ ጠንከር ይላል፣ ከበሬ ሥጋ ጋር አታወዳድሩት። ቁቲ ጠጡ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላ፣ በወተትና በጨው። የመጀመሪያው ፉት ግር ይላል፣ ሦስተኛው ላይ ሰው ትሆናላችሁ። ሐላዋም ግዙ፣ አውሮፕላን ላይ አይቀልጥም።

ፈቲራው ግን። ሰውየው ሊጡን በእጁ እያወናጨፈ ይዘረጋዋል፣ ነጠላ ይመስላል፣ በስተጀርባው ምጣዱ ይታያል። ዘይት፣ እንቁላል ይሰብርበታል፣ እንደ ፖስታ በአራት ማዕዘን ያጥፈዋል፣ ይገለብጠዋል፣ በቢላ ይከታትፈዋል። ማር። ጠርዙ ይንኮሻኮሻል፣ መሃሉ ለስላሳ ነው። ሁለት ነው የበላሁት። ሦስት። አባዬ ሲበላ እያየሁት ነበር። ጣቱን ላሰ። ልጠይቀው ነበር፣ እግዜር ያውቃል፣ አፌን ከፍቼ ነበር። «አባዬ» አልኩት። «አቤት» አለኝ። «ማሩ ጥሩ ነው አይደል» አልኩት።

ጅቡን ማየት አለባችሁ፣ ሁሉም ሰው ስለሚያየው አትናቁት። ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ነው። ሰውየው በስማቸው ይጠራቸዋል፣ ከጨለማው ይመጣሉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠር ታቆማላችሁ። ሥጋው በእንጨት ይሰካል፣ እንጨቱን በአፋችሁ ትይዛላችሁ። አዎ፣ እኔ ይዣለሁ። አዎ፣ ጮህኩ። ሽታው ነው እንጂ የሚያስፈራው አፉ አይደለም፣ አፉ እንዲያውም ቀስ ይላል። አንዱ ትከሻዬ ላይ ወጣ፣ ከባድ ነው፣ እግሩ ለስላሳ። ግንቡ ላይ ደግሞ ለጅብ ማለፊያ የተተወ ቀዳዳ አለ። ሌላ ቦታ ሰው ጅብን ለመከልከል አጥር ያጥራል፣ እነዚህ በአጥራቸው ላይ በር አወጡለት። ማታ ገብቶ ቆሻሻውን ጠርጎ ይወጣል። ማንም አይነካውም። ምን እንዳየም አያወራ።

ምን ልል ነበር? ራምቦ ቤት።

ራምቦ ቤት ማለት ያ ፈረንሳዊ ባለቅኔ ነው፣ ሐረሮች ራምቦ ነው የሚሉት። ሕንፃው ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው፣ ባለቀለም መስታወት ያለው፣ እንጨቱ ደስ ይላል፣ ራምቦ ራሱ ግን እዚያ ቤት አልኖረም ይላሉ። እሱ ያነሳቸው የሐረር ፎቶዎች አሉ። በ1880 በፈረንጆች ነው ሐረር የገባው፣ በ26 ዓመቱ። ቡና፣ ቆዳ፣ በኋላም ጠመንጃ ነገደ። ግጥሙን በሃያ ዓመቱ ገደማ ትቶታል። እዚህ ሲኖር ስለ ግጥሙ ሲያነሱበት አይወድም ነበር ይባላል። የቤቱ አስጎብኚ ይሄን ስትናገር አባዬ ፎቶዎቹን እያየ ነበር። እኔ እሱን እያየሁ ነበር። ሰው አባቱን እንደ ሙዚየም ዕቃ ሊያይ ይችላል? እኔ ሦስት ቀን አይቼዋለሁ።

ያኔ ሰው ሁለት ስም ነበረው። ይሄን የማያውቅ ቤት የለም። ከ67 በኋላ፣ 68፣ 69። የኢሕአፓ ልጆች የህቡዕ ስም። የአክስቴ ባል እስከ ዛሬ በሁለተኛው ነው የሚጠራው፣ የመጀመሪያውን መታወቂያው ላይ ብቻ ነው ያየሁት። እና አሰብኩ። ብዙ አሰብኩ። አባዬ ከዘመቻ በ68 ተመለስኩ ነው የሚለው። ሥራ የጀመረው 71 ነው፣ ጡረታ ሲያወጣ ወረቀቱን እኔ ነኝ የሞላሁለት። መሃሉን ጠይቄው አላውቅም። «ቤት ነበርኩ» ይላል። ቤት።

እ... ይሄን ልቆርጠው እችላለሁ። አላውቅም። ምናልባት ሴትዮዋ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፣ ምናልባት ዳዊት ባርኔጣ የሚያደርግ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ምናልባት ፍቅር ነው፣ ፖለቲካ አይደለም! ይሄን ሳስብ ደግሞ ለእማዬ አዘንኩ፣ ከዚያ ሳቅኩ፣ ከዚያ የአሮጊቷ ሽንኩርት ትዝ አለኝ። «ደህና መሆንህን ካየሁ ይበቃኛል።» ስንት ዓመት ነው የጠበቀችው? ካልጠበቀችስ? ከተሳሳተችስ፣ የሌላ ሰው ደህና መሆን አይታ ነው ቤቷ የገባችው ማለት ነው።

ይሄ ይብሳል። ለምን እንደሚብስ አላውቅም ግን ይብሳል።

ከቡና ጋር ተመለስን፣ ሁለት ኪሎ። እማዬ ቆልታዋለች፣ ቤቱ ሁሉ ይሸታል። «ምን አያችሁ?» አለች። አባዬ ስለ ጭልፊቱ ነገራት፣ ምስሩን ጨምሮ፣ አስመስሎ፣ ክንፉን እያራገበ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነበር አልኳችሁ አይደል? ተሳስቼ ፎቶ ላይ ነበር ያደረግኩት። አንድ ፎቶ ነው ያለው። የሷ ጀርባ፣ ብርቱካናማው ሻሽ፣ ከሻሹ በላይ የሱ ራስ። ፀጉሩ መሃል ላይ ሳስቷል። አላውቅም ነበር።

ትናንት ማታ «ፎቶዎቹን በቴሌግራም ላኪልኝ» አለኝ። ላኩለት። በሩን፣ ስፌቱን፣ ጅቡን፣ ፈቲራውን፣ 41 ፎቶ። አንዱን አላክኩም። ሶፋው ላይ ተቀምጦ መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አያቸው። ቀስ ብሎ። እኔ ሰሃን አጥባለሁ እያልኩ ውሃውን ከፍቼ ቆሜያለሁ። መጨረሻ ላይ ደረሰ፣ በጣቱ ወደ ላይ ገፋ፣ እንደገና ገፋ።

«ይኸው ነው? ሁሉም ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«እሺ» አለ። ስልኩን አስቀመጠ። ባርኔጣውን ግን...

አይ። ተዉት። በሚቀጥለው ሳምንት... አላውቅም፣ እናያለን።